አምሮታችን የሥጋ ነው ወይስ የቁሌት?

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡናው እስኪፈላ ወይ ሚኒባሱ እስኪሞላ አንብቡት።

ነገሩ ስለ ወጥ ነው። "ቲቸር ደግሞ ከባዮሎጂ ወደ ማጀት ገባ" የምትሉ ትኖራላችሁ። ከገባሁ ቆየሁ እኮ! እኛ ቤት ረቡዕና አርብ ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ በነዚህ ቀናት ከሥራ የምትገባው አምሽታ ነው። አማቴ መጀመሪያ ሰሞን "ምነው ልጄ፣ ሴት ጠፍቶ ነው?" ይሉኝ ነበር። አሁን ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይሉና ድስቱን ከፍተው "ዛሬስ ምን አስመስለህ ሠራህ?" ይሉኛል። "አስመስለህ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ላለፉት ጥቂት ዓመታት የሥጋ ወጦችን ያለ ሥጋ ስሞክር ኖሬአለሁ። ዶሮ ወጥ ያለ ዶሮ፣ ጥብስ ያለ ሥጋ፣ ምንቸት አብሽ፣ ክትፎ ሳይቀር። የተጀመረው በጾም ነው፤ አሁን ግን በፍስክም እሠራለሁ። ምክንያቱን መደበቅ አያስፈልግም፣ ሥጋና የመምህር ደመወዝ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ይሁንና ነገሬ የዋጋ ብቻ አይደለም። እኔ የምለው፣ "ሥጋ አማረኝ" ስንል አብዛኛውን ጊዜ ያማረን ሥጋው አይደለም።

እስቲ አስቡት። ጎረቤት ዶሮ ወጥ ሲሠራ በአጥር ተሻግሮ የሚመጣው ሽታ የዶሮ ነው እንዴ? ዶሮዋ ገና ተበልታ፣ ታጥባ፣ በሎሚና በጨው ተነክራ ሳህን ላይ ተቀምጣለች። እናንተን ምራቅ የሚያስውጣችሁ ለሰዓታት የተቁላላው ሽንኩርት ነው፤ በርበሬው ነው፤ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ መጨረሻ ላይ የተነሰነሰው መከለሻ ነው። ዶሮዋ የምትገባው ቁሌቱ ካለቀለት በኋላ ነው። ክትፎም ብትሉ ያው ነው። ቀይ ጥሬ ሥጋ ብቻውን ይህን ያህል የሚያስጎመጅ ሽታ የለውም። ክትፎ ቤት በር ላይ የሚቀበላችሁ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና የተነጠረ ቅቤ ነው። ቅቤውንም ቢሆን "የኛ ቅቤ" የሚያሰኘው ሲነጠር የሚገባበት ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ ነው። ሁሉም ቅጠል፣ ፍሬና ሥር ናቸው። ጥብስማ ስሙ ራሱ ያጋልጠዋል፤ ያቺን መርፌ መርፌ የምትመስል ቅጠል "ሥጋ መጥበሻ" ብለናታል። ጾም ገባ ብላ ሽታዋን አትቀንስም።

እና ሥጋው የሚያመጣው ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሦስት ነገር እላችኋለሁ። ጥርስ ላይ የሚታኘክ ነገር፣ ስብ፣ እና ጠበስ ሲል የሚመጣው ቡናማ ጣዕም። ያለ ሥጋ የሚሠራ ሰው መልፋት ያለበት ለነዚህ ለሦስቱ ነው። ብዙ ሰው ግን ድንችና ካሮት በውሃ ቀቅሎ፣ በላዩ ላይ ትንሽ በርበሬ ጣል አድርጎ፣ "የጾም ነገር ምን ይጣፍጣል" ብሎ ይደመድማል። ኧረ ጾሙ ምን አደረገ! አልጠበስክም፣ አላቁላላህም።

ቡናማው ጣዕም ኬሚስትሪ አለው፤ ታገሱኝ፣ አጭር ነው። ሉዊ ካሚይ ማያር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 እንደጻፈው፣ የፕሮቲን ቅንጣቶችና ስኳር በጋለ ነገር ላይ ሲገናኙ መልካቸውም ሽታቸውም ይለወጣል። የተጠበሰ ሥጋ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡና በዚሁ መንገድ ነው የሚሸቱት። ይሄ ለውጥ በደንብ እንዲሄድ ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ መሆን አለበት። የኛ አገር ደግሞ ደጋ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ከ94 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ነገር ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ቡናማ አይሆንም። መጀመሪያ ይጠበስ፣ ወጥ ውስጥ ከዚያ ይግባ። (በነገራችን ላይ ጌዶ ላይ ሽምብራና ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግራችሁም አንዱ በዚሁ ምክንያት ነው። ማታ ዘፍዝፉት።)

አሁን ወደ አማቴ "አስመስለህ" ልመለስ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይሄን ነገር ከፈረንጅ የተቀዳ አድርገው ነው የሚያዩት። ካሊፎርኒያ ያለ አንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የአኩሪ አተር ሥር ውስጥ ያለውን ደም መሰል ቅመም በእርሾ አምርቶ "የሚደማ" በርገር ለገበያ አቅርቧል፤ እውነት ነው። ግን እኛ ጋ የሽምብራ አሳ የሚባል ነገር አለ እኮ! እናቶቻችን ሽምብራ ፈጭተው፣ አቡክተው፣ በአሳ ቅርጽ ቆርጠው፣ ቅርፊቱን ሳይቀር በሹካ ጭረው፣ ጠብሰው ቁሌት ውስጥ ሲከቱ ኩባንያው የት ነበር? ቻይና ውስጥ በቡድሃ ገዳማት ከስንዴ ሊጥ ሥጋ መሳይ ምግብ ከጥንት ጀምሮ ይሠራል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የጾም ቀን እንቁላል ከለውዝ መሳይ ፍሬ ወተት ተሠርቶ ይቀርብ ነበር። ረጅም ጾም ያለው ሕዝብ ሁሉ ማጀቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ብልሃት አያጣም። እኛ ደግሞ በጾም ማን ይደርስብናል? ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የፍልሰታ፣ ረቡዕና አርብ ሲደመሩ የምእመኑ ጾም በዓመት 180 ቀን ገደማ ይሆናል። ካህናቱ ጋ ደግሞ እስከ 250 ይደርሳል። የዓመቱን ግማሽ ያለ ሥጋ ስንበላ የኖርን ሰዎች በበርገር አንደናገጥም።

ደግሞ ስሙን እዩት። "የሽምብራ አሳ" ሲባል የመጀመሪያው ቃል ሽምብራ ነው። ምንም የተደበቀ ነገር የለም። አውሮፓውያን "የአትክልት በርገር" ተብሎ ይጠራ አይጠራ ብለው እስከ ፓርላማ ደርሰው ተከራክረውበታል፤ እናቶቻችን በሁለት ቃል ጨርሰውታል። እኔን የሚያናድደኝ አንዳንድ ከተማ ያለ ምግብ ቤት "የጾም ክትፎ" ብሎ ጽፎ ከምን እንደተሠራ ሲጠየቅ አስተናጋጁ ኩሽናውን ዞሮ የሚያየው ነው። የቀይ ሥር ከሆነ የቀይ ሥር ክትፎ በሉት። ሰው የበላውን ይወቅ።

አሠራሩን ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። ለአራት ሰው ሁለት ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንጥር በርበሬ። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምታፈሱት፤ ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ማለት አለበት። ግማሽ ሰዓት ሸፍናችሁ ተዉት። ከዚያ ዳምጡት፤ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ግማሽ ይሁን። ቁረጡት፣ በሹካ ጫር ጫር አድርጉት። የአሳ ቅርጹ ካስቸገራችሁ እንደ ጥብስ አራት ማዕዘን ይሁን፤ የሚከሳችሁ የለም። በመካከለኛ እሳት ሁለቱም ጎኑ ወርቃማ እስኪሆን ይጠበስ። ቁሌቱን ከወትሮው ቀጠን አድርጉት፤ ምክንያቱም ሽምብራው ወጡን ይጠጣዋል፤ ወፍራም ከሆነ ድስቱ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ሊወጣ አስር ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩት፣ ከገባ በኋላ አታማስሉ፣ ይፈረካከሳል። ድስቱን ይዛችሁ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

ቁሌቱን ግን አታጭበርብሩ። ሽንኩርቱ ደቀቅ ብሎ ይከተፍ፣ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት። ዘይቱ ቀጥሎ፣ በርበሬው ከዚያ። ዘይት ስል ደግሞ የተነጠረ ዘይት ማለቴ ነው። እንደ ቅቤ ይነጠራል እኮ! ዘይቱን በዝቅተኛ እሳት ከኮሰረት፣ ከኮረሪማ፣ ከተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከትንሽ አብሽና እርድ ጋር አሙቁት፣ አጥልሉት፣ በጠርሙስ አስቀምጡት። ከላይ ካልኳቸው ሦስት ነገሮች የስቡን ቦታ የሚይዘው ይሄ ነው። የኑግ ዘይት የምታገኙ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፤ ለኔ ከሁሉም ዘይት ለወጥ ክብደት የሚሰጠው እሱ ነው።

ክትፎውን በተመለከተ ቱርኮችን ላመስግን። እነሱ ጥሬ ሥጋ ከደቃቅ የስንዴ ክክ ጋር እየታሸ የሚሠራ "ቺ ኮፍቴ" የሚባል ምግብ አላቸው። ጥሬው ሥጋ ለጤና ያሰጋል ተብሎ በሱቅ እንዳይሸጥ ሲከለከል ሥጋውን አውጥተው ስንዴውን በቲማቲም ድልህና በቃሪያ ቅመም ማሸት ቀጠሉ። አሁን ከተሞቻቸው ውስጥ በየመንገዱ የሚሸጠው ሥጋ የሌለበት ነው። ይሄን ሳነብ "ቅንጬ!" አልኩ። ደቃቁን ቅንጬ በጥቂት ውሃ ቀቅዬ፣ ውሃውን ጨርሶ ሲደርቅ አቀዘቅዘዋለሁ። የቲማቲም ድልህ በተነጠረ ዘይት ጠበስ አደርግና ከተፋቀ ቀይ ሥር ጋር ቅንጬው ላይ ጨምሬ በእጄ አሸዋለሁ፤ ረጅም ጊዜ። ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጨው። በቆጮና በጎመን ይቀርባል። ጉራጌው ጎረቤቴ ቀምሶ "ወንድሜ፣ ይሄ ክትፎ አይደለም" አለኝ። ቀጥሎ "እስቲ ድገመኝ" አለ። እኔ የምፈልገው ፍርድ ይሄው ነው።

ምንቸት አብሽ በጣም ቀላሉ ነው፤ ድፍን ምስር ሳይፈርስ ቀቅላችሁ፣ ውሃውን አጥልላችሁ፣ ግማሹን ከትፋችሁ ቁሌቱ ውስጥ ክተቱት። ጥብስ በእንጉዳይ ነው፤ መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ጨው መጀመሪያ አይነካው፤ ውሃውን ቶሎ ስለሚያስወጣው መጠበሱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። አደራ ግን፣ ክረምት ላይ ሜዳ ላይ የበቀለውን እየለቀማችሁ አይደለም። መርዛማውን ከደህናው በቀለም ወይም ቀቅሎ በመድፋት መለየት አይቻልም፤ አንዳንዱ መርዝ በእሳት አይጠፋም። ተመርቶ የሚሸጠውን ግዙ፤ ካጣችሁ የሽምብራውን ሊጥ ቆራርጣችሁ በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በሥጋ መጥበሻ ጥበሱት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ።

ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቤተሰቡ ጋ መጣና እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ሄድኩ። ጥብስ ቀረበ። በልተን፣ ተመራርቀን ስንወጣ ልጁ እስከ በር ሸኘኝና "ቲቸር፣ እማዬ ሥጋውን በዱቤ ነው የገዛችው፤ አይሆንም ብላት 'መምህርህን በሽሮ ልሸኘው ነው?' አለችኝ" አለኝ። በቤቱ ጓዳ ምን እንዳለ የገበሬ ልጅ ይነግራችኋል፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ኑግ፣ ጤፍ። እናትየዋ እጃቸው ላይ ያለ ሙያ ደግሞ እኔን አስር ጊዜ የሚያስተምር ነው። ያን ቀን የሽምብራ አሳ ቢሠሩልኝ ኖሮ እስከዛሬ ሳወራው እኖር ነበር። ግን "ለእንግዳ ሥጋ ካልቀረበ ነውር ነው" የሚል ነገር አለብን። የቅርጫውም ነገር እንዲሁ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ለመዋጮው እቁብ የሚሰብር፣ ሦስት ወር ሙሉ ዕዳ የሚከፍል የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ሥጋው በሳምንት አልቋል። በዓል ያለ ሥጋ ይለፍ ማለቴ አይደለም። እኔም ፋሲካ ላይ ዶሮዬን እበላለሁ፣ ማንም አያስቀርብኝም። ግን ዕዳ ውስጥ ገብቶ እንግዳ ማክበር እንግዳውንም ያስጨንቀዋል። እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት ጥብሱ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነው።

ተማሪዎቼስ? ከገጠር መጥታችሁ ጌዶ ላይ ቤት ተከራይታችሁ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። እሁድ ማታ ስንቅ ተሸክሞ መምጣት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ረቡዕ ላይ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ ስታዩት ደክሞት ነው ትላላችሁ፤ አንዳንዱ በደንብ ስላልበላ ነው። ለነዚህ ልጆች ሥጋ ብሉ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። "ሽሮህን አታቅጥነው፣ ምስሩን በእንጀራ ብላው፣ ካለህ እንቁላል ጨምርበት" ማለት ግን ይቻላል።

በቁጥር ላስቀምጠው። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ውስጥ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፤ ከ100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ብዙ አይርቅም። ሲቀቀል ግን ውሃ ስለሚጠጣ እዚያው 100 ግራም ውስጥ 9 ግራም አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ጠግቦ መብላት ያስፈልጋል፤ አንድ ማንኪያ ወጥ ለአንድ እንጀራ አይበቃም። ጥራጥሬ የሚያንሰው የፕሮቲን ዓይነት እህል ውስጥ አለ፣ እህል የሚያንሰው ደግሞ ጥራጥሬ ውስጥ አለ። ሽሮ በእንጀራ ያለ ምክንያት አልተጋቡም። ሊጡ መቡካቱም ብረትና ዚንክ ለሰውነታችን እንዲቀልሉ ያግዛል።

አንድ ነገር ግን ሽምብራ አይሰጣችሁም፤ ቪታሚን ቢ 12። ይሄ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን ይዛችሁ "ቲቸር ሽምብራ ይበቃል ብሏል" እንዳትሉ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም፤ ወተቱንና እንቁላሉን አትከልክሉት። ለትልቁ ሰው ሥጋ የሚገዛበት ብር በልጁ እንቁላልና ወተት ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። እኛ ቤት ያደረግነው ይሄንን ነው።

"ጾም ማለት አምሮትን መግታት ነው፤ ሥጋ አስመስሎ እየበሉ ምን ጾም አለ?" ያለኝ ወዳጅ አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፣ የአምሮቱን ነገር ለንስሐ አባቱ እተውለታለሁ። እኔ የማውቀው የሽምብራ አሳን ያወረሱን ሴቶች ከማናችንም በላይ ጾመኞች እንደነበሩ ነው። ከሌላ በኩል ደግሞ ጴንጤ ወዳጄ "አንተ በፍስክ ሥጋ ተፈቅዶልህ ሳለ ለምን ራስህን ታስርባለህ?" ይለኛል። ሳልራብ እኮ ነው። እኛ ሰፈር ጿሚውም የማይጾመውም በአንድ ማዕድ ነው የሚቀመጠው፤ የሽምብራ አሳ ሲቀርብ ግን "ይሄ ይነካኛል" ብሎ እጁን የሚሰበስብ የለም። ውጭ አገር ያላችሁም ንገሩን፤ ዋሽንግተን ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ፈረንጁ ተሰልፎ የሚያዘው የጾም በያይነቱ አይደለም እንዴ? እነሱ ከፍለው የሚበሉትን እኛ ለእንግዳ ማቅረብ አፈርንበት።

በሚቀጥለው እሁድ ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ከአምቦ ይመጣሉ፤ በፍስክ ቀን የሽምብራ አሳ ነው የማቀርብላቸው፣ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ "ቲቸር፣ ጎን ለጎን ጥብስም ይኑር" ብሏል፤ እናያለን።

አንድ ያልፈታነው ጉዳይ አለ። አማቴ የአሳው ሽምብራ ከመፈጨቱ በፊት ካልታመሰ "ጥሬ ጥሬ ይላል" ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ከታመሰ ሊጡ አይያያዝም፣ ስዳምጠው ይሰነጣጠቅብኛል። እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ፣ በተለይ የጎንደርና የወሎ ልጆች። ይታመስ ወይስ አይታመስ?